ጤፍ ስንካፈል የነበረው ጭቅጭቅ እንዴት ቀረ

ልደታ ኮንዶሚኒየም አራት ጎረቤታሞች ተዋጥተን ከእህል በረንዳ አንድ ኩንታል ጤፍ እናመጣለን። የታችኛው ፎቅ እማማ «ማኛ ካልሆነ አልገባም!» ብለው ነበር፤ በሰርገኛ ተስማማን። ጣጣው ከወፍጮ በኋላ ነበር። ዱቄቱን በጣሳ ስንካፈል ሁሌ አንዱ ቤት ይጎድላል። ሌባ የለም። ከላይ ያለው ዱቄት አየር ይዞ ይቀላል፣ ከጆንያው ሥር ያለው ተጠቅጥቆ ይከብዳል። ጣሳው ያው፣ ክብደቱ ሌላ!

አሁን የምንካፈለው እህሉን ነው፣ ያውም ተበጥሮና ተነፍቶ ካለቀ በኋላ። አፈሩና እብቁ ሲወጣ 100 ኪሎው 100 ሆኖ አይቀርምና የተረፈውን በሚዛን ለአራት እናደርገዋለን። ከዚያ ሁሉም የራሱን ያስፈጫል። ዱቄቱን ቤት ስታደርሱ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አብርዱት። በትኩሱ ከታሰረ ያልበዋል፣ ይሻግታል።