ስልሳ ተማሪ፣ ዳታ የለም፣ ኪው አር ኮድ ግን ይሰራል

ኪው አር ኮድ ክፍል ውስጥ እንጠቀም ሲባል ብዙ መምህር ቶሎ የሚለው "እኛ ጋር ዋይፋይ የለ፣ ልጆቹ ስልክ የላቸው፣ ይሄ የፕራይቬት ትምህርት ቤት ቅንጦት ነው" ነው። አልፈርድባቸውም፣ ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው መመሪያዎች አብዛኞቹ እያንዳንዱ ልጅ ታብሌት ይዞ ለሚቀመጥበት ክፍል የተጻፉ ናቸው። ግን እዚሁ ሐዋሳ፣ ልጆች ተጣበው በተቀመጡበት የመንግስት ትምህርት ቤት ክፍልም ይሰራል። ወሳኙ ኮዱ ውስጥ ምን እንደምትከቱ ነው።

አብዛኛው ሰው ኮድ የለመደው ከቴሌብር ነው፣ ስካን ታደርጋለህ ትከፍላለህ፣ ስለዚ ኮድ ሲባል የግድ ኢንተርኔት የሚፈልግ ነገር ይመስለናል። አይፈልግም። ኮዱ ራሱ ጽሁፍ ይይዛል፤ ሊንክ ከከተታችሁበት ሊንክ ነው፣ ጥያቄ ከከተታችሁበት ጥያቄ ነው፣ ስልኩ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ሆኖም ያነበዋል። ሲፈጠርም እኮ 1994 ላይ ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ የሚባል ድርጅት፣ ማሳሂሮ ሃራ የሚባል ኢንጅነር ከጓደኞቹ ጋር፣ የመኪና መለዋወጫ ለመቆጣጠር ነው የሰራው፣ ዌብሳይት ለመክፈት አይደለም።

አሰራሩ ቀላል ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ ኪው አር ጀነሬተር ብላችሁ አንዱን አውርዱና "ቴክስት" የሚለውን መርጣችሁ ጽሁፋችሁን አስገቡ፣ ምስሉን ሴቭ አድርጉ፣ አለቀ። ብቻ "ዳይናሚክ" የሚለውን አትንኩ። እሱ የሚይዘው የእናንተን ጽሁፍ ሳይሆን ወደ ድርጅቱ ሰርቨር የሚወስድ አጭር ሊንክ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ነጻ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ኮዱም አብሮ ይሞታል፣ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ ያባዛችሁት ሁሉ መጠቅለያ ይሆናል።

ሌላው የጽሁፉ ርዝመት ነው፣ እዚህ ላይ አማርኛ ትንሽ ያስቸግራል። ጽሁፍ ስልክ ውስጥ የሚይዘው ቦታ በባይት ይለካል፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይበላል፣ የእንግሊዝኛው 1 ብቻ። ትልቁ ኮድ 2953 ባይት ይይዛል፣ ያ ማለት ወደ 980 የአማርኛ ፊደል ነው፣ ግን ያን ያህል ከጫናችሁበት 177 በ177 ነጠብጣብ ይሆንና በርካሽ ስልክ ካሜራ አይነበብም። ሰባ ፊደል አካባቢ ላይ ቁሙ። አጭር ጽሁፍ፣ ትልልቅ ነጠብጣብ፣ ፈጣን ንባብ።

አሁን ወደ ጨዋታው እንምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ኮዱን ሰርቶ የሚከትበት ያው የመጽሐፉን ጥያቄ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ አንዴ "ዋው" ብለው በሁለተኛው ቀን ይሰለቻቸዋል። ኮዱ የሚያጓጓው የተደበቀ ነገር ሲኖረው ነው። እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን እንቆቅልሽ የሚባል ነገር አለን።

እንዲህ አድርጉት። ግቢ ውስጥ አራት ቦታ ምረጡ፣ ቧንቧው ጋር፣ ላይብረሪ በር፣ ባንዲራው ጋር፣ በረንዳ ላይ። እያንዳንዱ ቦታ አንድ ወረቀት ይለጠፋል፣ ጥያቄው በትልቁ ተጽፎ ማንም ያለ ስልክ እንዲያነበው፣ ከስሩ ሀ ለ ሐ የተባሉ ሶስት ኮዶች። ለምሳሌ ለጂኦግራፊ፦ "ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ የት ይሄዳል?" ሀ፦ በወንዝ ወደ ሻላ። ለ፦ በትነትና ወደ መሬት በመስረግ። ሐ፦ የትም አይሄድም፣ እዚያው ይጠራቀማል። ልጆቹ ሐይቁን በየቀኑ ነው የሚያዩት ግን ይሄን ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው፣ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው።

አሁን ዋናው ዘዴ፦ ኮዱ ውስጥ "ትክክል" ወይም "ስህተት" ብላችሁ አትጻፉ። እንደዛ ካደረጋችሁ ልጆቹ ሶስቱንም ስካን አድርገው "ትክክል" ያለውን ይዘው ይሮጣሉ፣ አዋቂም ቢሆን ያንኑ ያደርጋል። ይልቅ ሶስቱም ኮድ አንድ አንድ ፊደል ይስጥ፣ ሶስቱም ወደሚቀጥለው ቦታ ይምራ። የትክክለኛው መልስ ፊደል "ባ" ከሆነ የተሳሳቱት "ሎ" እና "ጤ" ይስጡ። አራቱን ቦታ ሲጨርሱ ትክክለኛዎቹ ፊደሎች ተገጣጥመው "አምባዛ" ይሆናሉ፣ የሳተው ቡድን ግን ትርጉም የሌለው ነገር ይዞ ይመጣል፣ ያኔ እናንተ "አገር ስጡኝ" ትሏቸዋላችሁ፣ ዲላን ወይ ሻሸመኔን ይሰጧችኋል፣ ተስቆ ይመለሱና የቱ ጋር እንደሳቱ ይፈልጋሉ። ቡድኖቹ ሁሉም ከአንድ ቦታ አይጀምሩ፣ ይጋፋሉ። ከተለያየ ቦታ ከጀመሩ ፊደሎቹም ተዘበራርቀው ስለሚመጡ ማስተካከሉ ሌላ ስራ ይሆናል። ሶስቱንም ስካን አድርጎ ከአስራ ሁለት ፊደል ውስጥ ቃሉን ፈልጎ ያወጣ ቡድን ካለ፣ እሱንም ተውት፣ ለፍቷል።

ስልኩስ? ከልጆቹ አትጠይቁ፣ መጀመሪያ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገሩ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ስልክ ክልክል ነው። የራሳችሁንና የስራ ባልደረቦቻችሁን ስልክ ሰብስቡ፣ ስድስት ካገኛችሁ በቂ ነው። ስልሳውን ልጅ በስድስት ብትከፍሉ ግን አስር አስር ይሆናል፣ አስር ልጅ አንድ ስልክ ላይ ማለት ሁለቱ ይጫወታሉ ስምንቱ ይጋፋሉ። ግማሹ ክፍል ውጪ ፊደል ሲፈልግ ግማሹ ውስጥ ሆኖ የጽሁፍ ስራ ይስራ፣ ከዛ ይቀያየሩ። ስልኮቹ ላይ ቀድማችሁ ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ ስካነር ጫኑ፣ ምክንያቱም የአንዳንዱ ስልክ ካሜራ ጽሁፍ ሲያይ ጎግል ላይ ልፈልግልህ ይላል፣ ዳታ ከሌለ ኮዱ የተበላሸ ይመስላቸዋል። አማርኛውም በትክክል መውጣቱን በየስልኩ ሞክሩት።

አንድ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ ለምትሉ ፕሊከርስ የሚባል አፕ አለ፣ እኔ ለትልቅ ክፍል ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ተማሪው የሚይዘው ወረቀት ብቻ ነው፣ ካርዱ አራት ጎን አለው፣ ኤ ቢ ሲ ዲ፣ መልሱን ወደ ላይ አዙሮ ያነሳል፣ እናንተ ከፊት ቆማችሁ በካሜራ ክፍሉን ቃኘት ስታደርጉ ማን ምን እንደመለሰ ይመዘገባል። ካርዶቹ እስከ 63 ተማሪ ድረስ አሉ፣ በነጻ ይወርዳሉ። ፊደሎቹ ካርዱ ላይ በትንሹ ስለተጻፉ የጎረቤቱን አይቶ መኮረጅ ይከብዳል፣ አፍሮ እጅ የማያወጣው ልጅም እኩል ይመልሳል። ጥያቄዎቹን የምትጭኑት በኢንተርኔት ስለሆነ ለእናንተ ስልክ ዳታ ያዙ።

ሊንክ የሚጠቅመው ለቤት ስራ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ከሆናችሁ ምንባቡን በድምጻችሁ ቅዱና ፐብሊክ የቴሌግራም ቻናል ላይ ጫኑት፣ የፖስቱን ሊንክ ኮድ አድርጋችሁ ወርክሺቱ ጥግ ላይ አትሙት፣ ልጁ ማታ በእናቱ ስልክ ይሰማዋል። ስማርት ስልክ የሌለው ቤት እንዳለ አትርሱ፣ ስለዚ ማርክ አትስጡበት። የልጆች ስምና ውጤት ደግሞ ማንም ስካን አድርጎ በሚከፍተው ቦታ አይቀመጥም።

ህትመት ላይ፦ ጥቁር በነጭ፣ ዙሪያውን ባዶ ነጭ ህዳግ ይኑረው፣ ቢያንስ የአራት ነጠብጣብ ያህል። መጠኑ የርቀቱን አንድ አስረኛ ይሁን፣ ከግማሽ ሜትር ለሚነበብ 5 ሴንቲ፣ ከ2 ሜትር ከሆነ 20 ሴንቲ። አፑ የጥገና ደረጃ፣ ማለትም ኮዱ ምን ያህሉ ቢበላሽም እንደሚነበብ፣ ካስመረጣችሁ አራት ናቸው፣ 7፣ 15፣ 25 እና 30 በመቶ። ለክፍል 15 ይበቃል፣ ውጪ ለሚለጠፍ ከፍ አድርጉት፣ ከፍ ሲል ግን ነጠብጣቡ ይበዛል። የኮፒ ኮፒ አታስነሱ፣ ሁሌ ከኦሪጅናሉ። ላሚኔት ባታደርጉት ይሻላል፣ የሐዋሳ ጸሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቅና ካሜራው ያጣዋል። ለዝናቡ በረንዳ ስር መለጠፍ ነው።

ጨዋታውን ከለመዱት በኋላ ጥያቄውንም የተሳሳቱትን መልሶችም ልጆቹ ራሳቸው ያውጡ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ለከሰዓቱ ይስራ። ከመለጠፋችሁ በፊት ግን እያንዳንዱን ኮድ ስካን አድርጉና እዩት፣ ስምንተኛ ክፍል ናቸው፣ ምን እንደሚጽፉበት አይታወቅም።