ሃይሉክስን ከፍ ማስደረግ፦ ምን ይመዘናል፣ ምን ይመረጣል፣ እንዴት ይከፈላል

መኪናን ከፍ ለማድረግ ሊፍት ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ በዋናነት ስፕሪንግና ሾክ አብዞርበር ነው። ስፕሪንግ ደግሞ የሚሠራው ለክብደት ነው፤ ለባዶ መኪና የተሠራው ጭነት ሲያርፍበት ይተኛል፣ ለ300 ኪሎ የተሠራው ባዶ መኪና ላይ ሲገጠም ይደርቃል። «ስንት ኢንች ላስነሳው?» ብሎ ጋራዥ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የማይስማማውን ገዝቶ ይወጣል፣ በዓመቱም ሌላ ይገዛል። ጥያቄው በኪሎ ይጀመር።

እዚህ የያዝነው ቪጎና ሬቮ የሚባሉትን የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች ነው። ከፊት እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት ኮይል ስፕሪንግ፣ ከኋላ ባሌስትራ (የተነባበረ ዝርግ ብረት ስፕሪንግ) አላቸው። ሌላ መኪና የሚለይበት ቦታ ላይ ስንደርስ እንጠቅሰዋለን።

መጀመሪያ ሜትርና ሚዛን

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙት። የጎማዎቹን ነፋስ እኩል ያድርጉ፣ ታንከሩን ይሙሉ። ከዚያ ከቸርኬው መሃል ተነስተው በቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሚሊ ሜትር ይለኩ። ከመሬት አይለኩ፤ የጎማ ነፋስና የጎማ እርጅና ቁጥሩን ያዛቡታል። አራቱን ቁጥሮች ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡ፣ በኋላ ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩ ማስረጃዎ እነዚህ ናቸው። ግራና ቀኙ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ የተኛ ወይም የተሰነጠቀ ስፕሪንግ ሊኖር ስለሚችል ምክንያቱ ይፈለግ። አዲስ ዕቃ የተጣመመን ሻንሲ አያቃናም።

ቀጥሎ የከባድ መኪና ሚዛን ያለበት ቦታ ይሂዱ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ከዚያ መኪናውን ሙሉ ያስመዝኑ፤ የኋላው በመቀነስ ይገኛል። ሲመዘን ሁልጊዜ የሚይዙት ነገር ሁሉ ላዩ ላይ ይሁን፦ የብረት ባምፐሩ፣ ዊንቹ፣ የጭነቱ ክዳን፣ የጣሪያው ፖርቶ መጋላ፣ ተጨማሪው ባትሪ። የማይታሰቡት ነገሮች ናቸው የሚከብዱት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲይዝ ከ20 ኪሎ ያልፋል፣ ናፍጣ ሲይዝ ደግሞ ፈሳሹ ብቻ 17 ኪሎ ገደማ ነው።

አሁን ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ በኩል ሁልጊዜ የሚኖረው ክብደት፣ በሌላው አልፎ አልፎ የሚጫነው። ስፕሪንግ የሚመረጠው በመጀመሪያው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ድንኳንና ውሃ ጭኖ ዳናኪል የሚወርድ፣ የቀረውን ጊዜ ግን ባዶውን አዲስ አበባ ውስጥ የሚሽከረከር ፒክአፕ የ300 ኪሎ ባሌስትራ አያስፈልገውም። ደረቅ ባሌስትራ ባዶውን ኮረኮንች ላይ ሲገባ የኋላ ጎማው መሬቱን ይለቃል፣ ኩርባ ላይ ጭራው ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ዝናብ የነካው አስፋልት ላይ ደግሞ ይህ በጣም አደገኛ ነው። ሊፍት መኪናው እንዲሸከም የተፈቀደለትን ጠቅላላ ክብደትም አይጨምርም። ፋብሪካው ያስቀመጠው ገደብ ያው ነው፣ ምክንያቱም ፍሬኑ፣ አክስሉና ሻንሲው አልተለወጡም።

ስንት ከፍታ ይበቃል?

ለሃይሉክስ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በላይ ማድረግ ይቻላል፣ ወጪው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ምክንያቱ ከፊት ነው። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል ወደታች ይዘቀዝቃል፣ ጆይንቱም እየተጠመዘዘ ይዞራል። የጆይንቱ ላስቲክ እጥፋቶች እርስ በርሳቸው ተፋትገው ይቀደዳሉ። የመጀመሪያው ምልክት በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ የተረጨ ጥቁር ግሪስ ነው፤ ይህን ያዩ ቀን ላስቲኩን ቢያስቀይሩ ጆይንቱ ይተርፋል፣ አንድ ወር ቢቆዩ አቧራው ይጨርሰዋል። ሌላው ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው የላይኛው ክንድ ነው። ጎማው ሲንጠለጠል ክንዱ ወደ ስፕሪንጉ ይጠጋል፤ ከፍታው ሲበዛ ይነካዋል። የእጅ ባትሪ ይዘው ከጎማው በላይ ቢያዩ ቀለሙ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ ጭረት ስፕሪንጉ ላይ ያገኛሉ። ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ለመሄድ የተለየ የላይኛ ክንድ፣ የፊት ዲፈረንሻሉን ዝቅ የሚያደርግ መያዣና ረዘም ያለ የፍሬን ጎማ ቱቦ ሊያስፈልግ ነው። ለአብዛኛው የአገራችን ፒስታ መንገድ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ያንን ገንዘብ ለጎማና ለሾክ ያውሉት።

አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ፦ ሊፍት የኋላ ዲፈረንሻሉን ከመሬት አያርቀውም። አክስሉ የተቀመጠው ጎማው ላይ ስለሆነ እሱን የሚያነሳው የጎማ ቁመት ብቻ ነው። ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ቢቀይሩ የጎማው ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ በ27 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ ዲፈረንሻሉ ግን የሚነሳው ግማሹን፣ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የፍጥነት መለኪያውም ወደኋላ ይቀራል፤ 100 ሲያሳይ እርስዎ 103 ላይ ነዎት።

ከፊት ቶርሽን ባር ያላቸው፣ ለምሳሌ ላንድክሩዘር 100፣ ብሎን በማጥበቅ ብቻ ከፍ ይላሉ። ነጻ ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበትን ርቀት በልቶ ነው ከፍ የሚለው፤ ከልክ ሲያልፍ በየጉድጓዱ «ጓ» ይላል። የላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ደግሞ ከፊት ወጥ አክስል ስላለው ጣጣው ሌላ ነው፤ በኮይሎቹ ሞዴሎች ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሲነሳ የመሪው ማዕዘን ይለወጥና መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ መሃል መመለስ ያቅተዋል፣ አስፋልት ላይም ይዋልላል። ማስተካከያው ለዚሁ የተሠራ ጎሚኒ (በክንዱና በብሎኑ መሃል የሚገባው ላስቲክ) ነው። ከሊፍቱ ጋር አብሮ ይገዛ።

ዕቃውን መምረጥ

ርካሹ መንገድ ከፊት ስፕሪንጉ ላይ የሚቀመጥ ስፔሰር (ወፍራም ቀለበት) ነው። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፔሰር ሃይሉክስን ጎማው ዘንድ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ያነሳዋል፣ ምክንያቱም ሾኩ የተያያዘው ከክንዱ መሃል አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ 50 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ገዝቶ መኪናውን ያበላሻል። ስፔሰር ክብደት ለመሸከም ምንም አይጨምርም፤ የብረት ባምፐር ለተጫነበት መኪና መፍትሔ አይደለም።

ከኋላ የሚያጋጥሙት አቋራጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ረዥም ሻክል (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ብረት) ነው፤ ሻክሉ የረዘመውን ያህል ሳይሆን ግማሹን ያህል ነው የሚያነሳው፣ የአክስሉንም ማዕዘን ያዞረዋል። ሁለተኛው አንድ ንብርብር መጨመር ነው፤ ለመኪናው ተለክቶ የተሠራ ከሆነ ደህና ነው፣ ከሌላ መኪና ባሌስትራ ተቆርጦ የመጣ ከሆነ ግን ጉብጠቱ ስለማይገጥም ጎረቤቶቹን ይሰብራል። ሦስተኛውን፣ ያረጀ ባሌስትራን በእሳት አግሎ እንደገና ማጉበጥን፣ በጭራሽ አንመክርም። እሳት የነካው ብረት ጥንካሬውን ያጣል፤ ወይ ተመልሶ ይተኛል፣ ወይ በመሃል ብሎኑ ቀዳዳ በኩል ይሰነጠቃል።

ሾክ አብዞርበር ላይ ገንዘብ አይሰስቱ። ኮረኮንች ላይ በሰዓታት ጉዞ ውስጥ ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ሾኩም መያዝ ያቆማል። ባለ አንድ ቱቦው ሾክ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፣ ነገር ግን ድንጋይ መትቶ ካጎደጎደው ፒስተኑ እዚያው ይነክሳል። ባለ ሁለት ቱቦው በሙቀት ትንሽ ይሸነፋል፣ የውጭው ቱቦ ቢጎደጉድም ግን ሥራውን ይቀጥላል። ድንጋይ ለሚበዛበት መንገድ ሁለተኛው፣ በተለይም ዘይቱ ብዙ የሆነ ወፍራሙ፣ ይመረጣል። ኦልድ ማን ኢሙ፣ ዶቢንሰንስና አይረንማን የአውስትራሊያ፣ ቢልስታይን የጀርመን፣ ኬዋይቢ የጃፓን ናቸው፤ ሁሉም ለሃይሉክስ የሚሆን ይሠራሉ። ያገለገለ ሾክ በምንም ዋጋ አይግዙ።

ሌላ ማሳሰቢያ፦ በአውስትራሊያ መሪ በቀኝ ነው። አንዳንድ የኮይል ስፕሪንግ ጥንዶች ግራና ቀኛቸው እኩል አይደሉም፣ የሹፌሩ በኩል ይረዝማል። ለግራ መሪ መሆኑን ሻጩ ይጻፍልዎት፤ ካልሆነ መኪናው ዘንበል ብሎ ይቀራል።

ፕሮፎርማና ክፍያ

ቢያንስ ከሁለት ቦታ ፕሮፎርማ ይውሰዱ። «የሊፍት ኪት፣ 1» ብሎ በአንድ መስመር የጻፈ ፕሮፎርማ ዋጋ የለውም። የእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር፣ ስፕሪንጉ የሚሸከመው ኪሎ፣ ብዛቱ ይጻፍ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ-ቦልቶች አዲስ ናቸው ወይ? ጎሚኒና ፒኑ አብሮ አለ ወይ? ክርክር የሚነሳው እነዚህ ላይ ነው፤ ጎሚኒው «አልተካተተም ነበር» ተብሎ መኪናው ክሪክ ላይ እያለ ሌላ ዋጋ ይጠየቃል። የእጅ ዋጋና ዊል አላይመንት ለየብቻ ይጻፉ፣ 15 በመቶው ቫት የተካተተ መሆን አለመሆኑም እንዲሁ።

ዋጋው የሚጸናበት ቀን የግድ ይጠቀስ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚታዘዝ ዕቃ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ይለወጣል። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ካለ የዛሬው ዋጋ ይዘጋ። የሚታዘዝ ከሆነ ቀብዱ፣ የሚደርስበት ቀንና ካልደረሰ ቀብዱ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሁን።

ከዱባይ በዘመድ ለማስመጣት የሚያስቡ ሁለት ነገር ያስሉ። ሁለቱ ባሌስትራዎች ብቻ ከ40 ኪሎ ያልፋሉ። ጋዝ ያለበት ሾክ ደግሞ በአየር ጉዞ እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቆጠር በሻንጣ ሊከለከል ይችላል፤ በካርጎ ነው የሚሄደው።

ሲከፍሉ የዕቃውን ገንዘብ ካርቶኑ ፊትዎ ተከፍቶ ቁጥሩ ከፕሮፎርማው ጋር ከተመሳከረ በኋላ ይክፈሉ። የእጅ ዋጋውን ደግሞ የአላይመንቱን ወረቀት ይዘው፣ መኪናውን ራስዎ ከነዱ በኋላ። ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 በመቶ ለብቻ ያስቀምጡ፣ ምክንያቱም አሮጌ መኪና ሲፈታ የሚወጣ ነገር አለ፦ ያለቀ ቦል ጆይንት፣ በተለይም በታችኛው ክንድ ውስጥ ዝጎ የተጣበቀው የአላይመንት ብሎን። እሱ ካልዞረ አላይመንት አይሠራም፤ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል። ገንዘቡ ካልበቃ ከፍታውን ይተዉት። በፋብሪካው ስፕሪንግ ላይ ጥሩ ሾክ ያለው መኪና በአሮጌ ሾክ ላይ ስፔሰር ከተደረገበት ይሻላል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለመድን ድርጅትዎና ለዓመታዊ ምርመራው ጽሕፈት ቤት ለውጡን ይጠይቁ። ቦሎ ለመውሰድ ወይም ጉዳት ደርሶ ካሳ ለመጠየቅ ሲሄዱ ከማወቅ አሁን ይሻላል።

ሲገጠም ቆመው ይዩ

የፊት ስፕሪንግ የሚፈታው በትክክለኛ መጭመቂያ ነው። በሽቦ ወይም በገመድ ታስሮ ሲፈታ ካዩ ሥራውን ያስቁሙ፤ ያ ስፕሪንግ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የጎሚኒ ብሎን ነው። የክንዶቹና የባሌስትራው ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው ወርዶ በአራት ጎማው ከቆመ በኋላ ነው። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው በዚያ ቦታ ይያዛል፤ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቆያል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። መኪናውም ለጊዜው ከፍ ያለ ይመስላል፣ ስለዚህ ባለቤቱ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ከኋላ የባሌስትራው የመሃል ብሎን ጭንቅላት በአክስሉ ማረፊያ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱን ይመልከቱ። ካልገባ አክስሉ ይጣመማል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጭራው ወደ ጎን ይወጣል። መኪናዎ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ ካለው የዘንጉ መያዣ በተነሳው ልክ ይስተካከል። አለበለዚያ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለውና ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል፤ ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ ሥራው ሁሉ የፊቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል። መሪውን እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል አዙረው የፍሬን ቱቦው የማይወጠርና ጎማው የማይነካ መሆኑንም ያረጋግጡ። የፊት መብራቱ ዝቅ ይደረግ።

ከጋራዥ ከወጡ በኋላ

በመጀመሪያው ቀን በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ከወለሉ ሥር ንዝረት ከተሰማ ኃይል ወደ ኋላ አክስል የሚወስደው ሻፍት ማዕዘን ተዛብቷል። ሁለት ክፍል ባለው ሻፍት ላይ የመሃሉን ቤሪንግ በትንሽ ብረት ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ሳይስተካከል ከተነዳ ክሮቸራው (የሻፍቱ መጋጠሚያ) ያልቃል።

500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዩ-ቦልቶቹ እንደገና ይጥበቁ። አዲስ ባሌስትራ ንብርብሮቹ ተጨቁነው ስለሚቀመጡ የጠበቀው ዳዶ መላላቱ አይቀርም። በ1,000 ኪሎ ሜትር አላይመንቱ ይደገም። በዚያው ቀን ታንከሩን ሞልተው፣ ነፋሱን እኩል አድርገው፣ ደልዳላው ቦታ ላይ አራቱን ቁጥሮች እንደገና ይለኩ። አዲስ ስፕሪንግ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በአንዱ በኩል ብቻ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ ግን ሁለቱን ወረቀቶችና ደረሰኙን ይዘው ዋስትናው ሳያልቅ ወደ ሻጩ ይመለሱ።