ስካነሬ አንድ ጣቢያ ላይ ሙጭጭ ሲል

አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ ስነዳ የእጅ ሬዲዮ ስካነር (ሞገዶችን በየተራ እየፈተሸ ወሬ ያገኘበት ላይ የሚቆም መቀበያ) ከአጠገቤ አይጠፋም። ግን ፍለጋ በጀመረ ቁጥር የአየር ትንበያው ላይ ሙጭጭ ይላል። ለካ የኖኣ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) ጣቢያዎች 24 ሰዓት ያለ ፋታ ያወራሉ፤ ስካነር ደግሞ ወሬው ካልተቋረጠ ንቅንቅ አይልም! ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርትዝ ያሉትን 7 ቻናሎች ለብቻቸው አንድ ባንክ (የስካነሩ የቻናል ማኅደር) ውስጥ አስገብቼ ከዙሩ አስወጣኋቸው። ደመና ሳይ እከፍታቸዋለሁ።

የአውሮፕላኖቹ ንግግር ደግሞ ይንሿሿ ነበር። ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርትዝ ያለውን ከኤፍኤም ወደ ኤኤም ስቀይረው ጥርት አለ።

አጭሯን የጎማ አንቴና ነቅዬ ባለ ማግኔቷን ጣሪያው ላይ ለጠፍኩ። ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ሩቅ መስማት ዘበት ነው።

ኒው ዮርክ የምትገቡ ግን ተጠንቀቁ፤ የፖሊስ ሞገድ የሚቀበል ሬዲዮ ያለ ፈቃድ መኪና ላይ መግጠም ያስቀጣል።