በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የኤክስሬይ ቴክኖሎጂስትነት እንዴት ይማሩታል?

ራዲዮሎጂስቱ ሐኪም ነው፤ ምስል ያነባል። ቴክኖሎጂስቱ ሕመምተኛውን አስተካክሎ፣ ጨረሩን መጥኖ ምስሉን ያነሳል። ለዚህ ሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚወስድ የአሶሼት ዲግሪ ይበቃል። ፊዚክሱ ይከብዳል ሲባል ይሰማል፤ ዓመት የሚያስባክነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ነው።

1. ኮሌጁን ያጣሩ

ፕሮግራሙ ለኤአርአርቲ ፈተና ያበቃ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቁ። ኤአርአርቲ ቴክኖሎጂስቶችን ፈትኖ የሚመዘግበው ድርጅት ሲሆን ከ2015 ወዲህ ቢያንስ አሶሼት ዲግሪ ይጠይቃል። የራዲዮግራፊ ትምህርትን መርምሮ እውቅና የሚሰጠው ጄአርሰርት የተቀበላቸው ፕሮግራሞች ስንት ተማሪ እንደጨረሰ፣ ስንቱ ፈተናውን እንዳለፈና ስንቱ ሥራ እንዳገኘ በይፋ ያወጣሉ፤ ያንን ሳያዩ አይክፈሉ። በጥቂት ወራት እናስመርቃለን የሚሉ ኮርሶች የሚያዘጋጁት ለተወሰነ የክሊኒክ ኤክስሬይ ነው፤ በእነሱ የኤአርአርቲ ምዝገባ አይገኝም። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላሉ ሐበሾች የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኖቫ ትምህርቱን ይሰጣሉ።

2. ቅድመ ኮርሶቹን ይጨርሱ

ኮሌጅ መግባትና ፕሮግራሙ ውስጥ መግባት ለየቅል ናቸው። መቀመጫው ጥቂት ስለሆነ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ አስቀድመው ይወሰዳሉ። ‘ሲ’ ቢያሳልፍም በውድድሩ ወደ ኋላ ያስቀራል። ብዙ ኮሌጆች የቆየ የሳይንስ ኮርስ አይቀበሉም፤ ስለዚህ አናቶሚን ወስዶ ዓመታት ማረፍ ኪሳራ ነው። ከኢትዮጵያ ዲግሪ ካለዎት ትራንስክሪፕቱን ኮርስ በኮርስ ያስገምግሙ፤ ዲግሪውን ብቻ የሚያረጋግጠው ርካሹ ግምገማ ክሬዲት ለማዛወር አይረዳም።

3. የጤና ፋይሉን ቀድመው ይያዙ

ሆስፒታል ከመግባትዎ በፊት የክትባት ማስረጃ፣ የሲፒአር (ልብና ትንፋሽ የመመለስ እርዳታ) ካርድ፣ የወንጀል ማጣሪያና የቲቢ ምርመራ ይጠየቃሉ። ቲቢው ላይ የእኛ ሰው ይያዛል። በልጅነት ቢሲጂ የተከተበ ሰው ቲቢ ሳይኖርበት የቆዳ ምርመራው ሊያብጥ ይችላል። ከዚያ የደረት ኤክስሬይ፣ ከዚያ ቀጠሮ፣ በዚህ መሐል ክሊኒካሉ (የሆስፒታል ልምምዱ) ተጀምሯል። ከመነሻው ኳንቲፌሮን የተባለውን የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ ቢሲጂ አያሳስተውም።

የፍርድ ቤት ታሪክ ያለው ሰው ደግሞ ትምህርቱን ሳይጀምር ኤአርአርቲ ጉዳዩን እንዲያይለት በቅድሚያ ማመልከት ይችላል። ሁለት ዓመት ተምሮ ከመከልከል ይሻላል።

4. ክሊኒካል

አብዛኛው ክሊኒካል ቀን ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በማለዳ ሆስፒታል መቆም ለጥቂት ሳምንት ይቻል ይሆናል፣ ለሁለት ዓመት ግን አይዘለቅም፤ የሥራ ሰዓትዎን አስቀድመው ይቀንሱ። በ2022 ሥራ ላይ በዋለው መስፈርት 10 የሕመምተኛ እንክብካቤ ክህሎቶች፣ 36 ግዴታ የሆኑ የምስል ዓይነቶችና 15 የምርጫ ዓይነቶች ላይ ብቃትዎን ያሳያሉ። ብርቅ የሆነው ሲመጣ “እኔ ልሥራው” ይበሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚጎድለው ሁሌ እሱ ነው።

በየቀኑ የሚሠሩትን ደረት እንውሰድ። ሕመምተኛው ደረቱን ወደ መቀበያው ሰሌዳ አድርጎ ይቆማል፤ ጨረር የሚወጣበት ቱቦ 72 ኢንች ይርቃል፣ ልብ ያለ መጠኑ ገዝፎ እንዳይታይ። አገጭ ከፍ፣ የእጅ መዳፍ ጀርባ ዳሌ ላይ፣ ትከሻ ወደ ፊት። ትከሻው ካልተገፋ የትከሻ አጥንት ሳንባው ላይ ይወድቃል። አንዴ አስተንፍሰው በሁለተኛው ትንፋሽ ያስይዙ። ምስሉ ላይ ከድያፍራም (ከሳንባ ሥር ካለው የመተንፈሻ ጡንቻ) በላይ 10 የኋላ የጎድን አጥንቶች ይቁጠሩ፤ 7 ወይም 8 ብቻ ከታዩ ትንፋሹ አልተሳበም። የቀኝና የግራ ምልክቱን ከመተኮስ በፊት ያስቀምጡ።

5. ፊዚክሱና ጨረሩ

ሁለት ሕጎች ብዙ ያስኬዳሉ። ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ሩብ ይሆናል። ኬቪፒ (የቱቦው ቮልቴጅ፣ የጨረሩ ኃይል) 15 በመቶ ሲጨምር፣ ለምሳሌ ከ70 ወደ 80 ገደማ፣ ኤምኤኤስን (የጨረሩን ብዛት) እጥፍ እንደማድረግ ይቆጠራል። የዲጂታል መሣሪያ ወጥመድ አለው፦ ጨረር ሲያንስ ምስሉ አሸዋ ይመስላል፣ ሲበዛ ግን ያምራል። ስለዚህ ተማሪው ሳያውቀው ሕመምተኛውን ያስጎዳል። ከእያንዳንዱ ምስል በኋላ መቀበያው ምን ያህል ጨረር እንዳገኘ የሚያሳየውን የኤክስፖዠር ቁጥር ይዩ።

የራስዎ መለኪያ ባጅ ከእርሳስ ሽርጡ ውጭ፣ አንገት ላይ ይሰካል። ያረገዘች ተማሪ በጽሑፍ ካሳወቀች የጽንሱ ገደብ ለሙሉ እርግዝናው 5 ሚሊሲቨርት ነው፤ ማሳወቁ በፈቃዷ ነው።

6. ፈተናው

ነጥብ የሚያዝባቸው ጥያቄዎች 200 ናቸው፤ ለሙከራ የገቡም በመሐል ይቀላቀላሉ። ማለፊያው 75 ነው፣ መቶኛ ግን አይደለም፣ የተመዘነ ነጥብ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መሞከር ይቻላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከዚህ በላይ የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ለፈተናው ሲመዘገቡ የስምዎን አገባብ ይዩ። በአንዱ መታወቂያ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም መጨረሻ ላይ ከገባ ከፈተና ጣቢያው በር ሊመለሱ ይችላሉ፤ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ያስተካክሉት።