ኦፕንስታክ ላይ የዶከር ዳውንሎድ መሃል ላይ ቀጥ ካለባችሁ

ጎንደር ላይ ለጥምቀት ተማሪው ሁሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ የፊዚክስ ላባችን ማሽኖች ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። ኦፕንስታክ በሚባለው ሶፍትዌር አያይዘን አንድ ክላውድ አድርገን ሲሙሌሽን እናስኬድባቸዋለን። ሐሳቡ ሰርን ከሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነው፤ ቅንጣት አፋጣኙ ኤልኤችሲ ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ለጥገና ሲቆም ሲኤምኤስ የተባለው ሙከራ የትሪገር (የሚቀመጡትን ግጭቶች የሚመርጡ) ኮምፒውተሮቹን እንዲሁ ተጠቅሞባቸዋል።

ችግሩ ይህ ነበር። ቨርቹዋል ማሽኑ ደህና ነው። ውስጡ ያለው የዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ነገር ለብቻው የሚያስኬድ ሳጥን) ግን ፒንግ ያደርጋል እንጂ ትልቅ ፋይል ሲያወርድ ድርቅ ብሎ ይቀራል። የስህተት መልእክት እንኳ የለም።

ዲኤንኤስ ቀየርን፣ ፋየርዎል ከፈትን፣ ኬብልና ስዊች ለዋወጥን። ወይ ፍንክች!

ፍንጩ የተገኘው ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ከልክለን በተለያየ መጠን ፒንግ ስናደርግ ነው። 1422 ባይት ያልፋል፤ 1423 አያልፍም። 28 ባይት ሄደር ሲደመርበት 1450 ይመጣል። ለካ ቪኤክስላን (የቨርቹዋል ማሽኖቹን ፓኬት ጠቅልሎ የሚያሳልፈው ዘዴ) ከተለመደው የፓኬት ጣሪያ ከ1500 ባይት 50ውን ለራሱ ይወስዳል። ቨርቹዋል ማሽኑ ይህን የኔትወርክ አድራሻ በሚሰጠው በዲኤችሲፒ በኩል ያውቃል፤ ዶከር ግን በ1500 ይቀጥላል።

ዴመን ጄሰን (daemon.json) በሚባለው የዶከር ማዋቀሪያ ፋይል ኤምቲዩውን (የፓኬቱን ትልቁን መጠን) 1450 አድርጉና ዶከርን ሪስታርት አድርጉት። ብዙ ኮንቴይነር አንድ ላይ የሚያስነሳውን የዶከር ኮምፖዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ይሄ ብቻ አይበቃም፤ እሱ ለሚፈጥረው ኔትወርክም ለብቻው ጻፉለት። እኛ ጋ ከዚያ ወዲህ ዳውንሎዱ ቆሞ አያውቅም።