ለትርፍ ጊዜ አብራሪ የሚሆን ሄድሴት በአቅም መምረጥ

ብዙዎች በሚሠለጥኑበት ሴስና 172 እና በመሰል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ውስጥ በበረራ ላይ የሚሰማው ጫጫታ ብዙውን ጊዜ 90 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በቀን ለ8 ሰዓት የሚመክረው ከፍተኛ መጠን 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ጫጫታው በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ እንዲቀንስ ያሳስባል። በዚህ ስሌት 94 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በጫጫታ የተጎዳ የመስማት ኃይል ተመልሶ ስለማይመጣ፣ ሄድሴት (ማይክራፎን የተያያዘበት የጆሮ ማዳመጫ) ሲገዛ የሚቆጠበው ገንዘብ ከብሉቱዝና ከመሳሰሉት ተጨማሪዎች ላይ እንጂ ከጆሮ መከላከያው ላይ መሆን የለበትም።

መጀመሪያ የሚወሰነው የመከላከያው ዓይነት ነው። አንደኛው ዓይነት ጆሮን አጥብቆ በመክደን ብቻ ጫጫታን ያግዳል። ሁለተኛው ከመክደኑ በተጨማሪ፣ በውስጡ ባለች ትንሽ ማይክራፎን ጫጫታውን እየተከታተለ ተቃራኒ የድምፅ ሞገድ በመልቀቅ ያዳክመዋል። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታወቀው በወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። ባለ ሁለት ክንፍ ፕሮፔለር በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር አየሩን በሴኮንድ 80 ጊዜ ይመታል፤ ስፖንጅና ፕላስቲክ ቀጭኑን የንፋስ ፉጨት በሚገባ ሲያስቀሩ፣ ይህን የመሰለውን ወፍራም ጉምጉምታ ግን በከፊል ያሳልፉታል። የቦዝ የድምፅ መሣሪያዎች ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ ይህን ችግር በኤሌክትሮኒክስ የመፍታት ሐሳብ የመጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ ኩባንያቸውም በ1989 እንዲህ ያለውን የመጀመሪያውን የአብራሪዎች ሄድሴት ለገበያ አቀረበ።

ችግሩ ዋጋው ነው። ባለ ኤሌክትሮኒክሱ አዲስ የቦዝ ኤ 30 ከ1,200 ዶላር በላይ ሲያወጣ፣ ባትሪ የማይፈልገው የዴቪድ ክላርክ ኤች 10-13.4 ግን በ400 ዶላር ገደማ ይገኛል። በወር ሁለት ሦስት ሰዓት ለሚበር ሰው በደንብ የተሠራ ባለ ክዳን ብቻ ሄድሴት ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ። እጅግ ርካሽ የሆነውን ባለ ኤሌክትሮኒክስ ግን አልመክርም፤ ምክንያቱም ኤሌክትሮኒክሱ የሚረዳው በወፍራሙ ድምፅ ላይ ብቻ ስለሆነ ክዳኑ ልል ከሆነ የቀረው ጫጫታ ሁሉ ይገባል፣ የባትሪው ድንጋይ በመንገድ ላይ ሲያልቅም አብራሪው የሚቀረው ያ ልል ክዳን ብቻ ነው።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የመከላከል መጠን፣ ለምሳሌ የኤች 10-13.4ቱ 23 ዴሲቤል፣ የጆሮ ትራሱ (በክዳኑ ጠርዝ ያለው ለስላሳ ክፍል) ጭንቅላት ላይ በሚገባ ገጥሞ በቤተ ሙከራ የተለካ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው ያን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አያገኘውም፤ የመነጽሩ ዘንግ ትራሱን ከቆዳ አንሥቶ ለጫጫታው ቀዳዳ ይከፍትለታልና። ስለዚህ ሄድሴቱን የሚሞክሩት በበረራ ላይ የሚያደርጉትን መነጽር አድርገው ይሁን፤ ዘንጉ ቀጭን፣ ትራሱም በጄል የተሞላ ቢሆን ይመረጣል። አምስት ደቂቃ መሞከር ምንም አይነግርም። ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ አናት ላይ የሚያሳድረው ጫና የሚታወቀው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ከበረራ ክበብ ወይም ከአሠልጣኝ ተውሶ አንድ ሙሉ በረራ ማድረግ ከማንኛውም የሻጭ ማብራሪያ የበለጠ ያስተምራል።

ማይክራፎኑ ከጆሮ ክዳኑ ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል፤ የመቆጣጠሪያ ማማው አብራሪውን የሚሰማው በእሱ በኩል ነውና። ጥሩው ዓይነት ከፊትም ከኋላም ክፍት ሲሆን፣ የኮክፒቱ ጫጫታ በሁለቱም በኩል እኩል ገብቶ እርስ በርሱ ሲጠፋፋ ከቅርብ የሚመጣው ንግግር ግን ይቀራል። ይህ የሚሠራው ማይክራፎኑ ትክክለኛ ገጹ ወደ አፍ ዞሮ ከንፈር ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ የማይክራፎኑ ክንድ በተስተካከለበት ቦታ ጸንቶ የሚቆይ መሆኑን ራስዎን ደጋግመው በማዞር ይፈትሹ።

መሰኪያውን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ። አብዛኞቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሁለት መሰኪያ ይጠቀማሉ፤ ወፈር ያለው የማዳመጫው፣ ቀጠን ያለው የማይክራፎኑ ነው። ሄሊኮፕተሮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ መሰኪያ ብቻ አላቸው፤ ኃይል ከአውሮፕላኑ የሚወስዱት ሄድሴቶችም የራሳቸው ባለ ስድስት እግር መሰኪያ አላቸው። ለወታደራዊ ሄሊኮፕተር የተሠራ ርካሽ ሄድሴት መሰኪያው በማገናኛ ቢለወጥ እንኳ የኤሌክትሪክ ባሕርይው ስለማይገጥም ለትንሽ አውሮፕላን አይሆንም።

ያገለገለ ሄድሴት መግዛት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም በጠባብ በጀት የተሻለውን ለማግኘት ዋናው መንገድ ይኸው ነው። የጆሮ ትራሱ፣ የውስጥ ስፖንጁና የማይክራፎኑ ሽፋን በቀላል ዋጋ ስለሚለወጡ መቀደዳቸው አያስፈራ፤ ንጽሕናውም ስለሚጠይቅ መለወጣቸው የግድ ነው። የሚያስፈራው የገመዱ መበላት ነው። ኢንተርኮም (የአውሮፕላኑ የውስጥ መነጋገሪያ) ላይ ሰክተው እያዳመጡ ገመዱን መሰኪያው ሥርና ከክዳኑ በሚወጣበት ቦታ ያወዛውዙት፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ይተዉት። አንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን ከመጣልዎ በፊት የሞኖና ስቴሪዮ ማብሪያ እንዳለው ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ባለ ኤሌክትሮኒክሱን ለመግዛት የቆረጠ ሰው ሞተር ተነሥቶ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ እንደቆመ ማብሪያውን አጥፍቶ የአሠልጣኙን ንግግርና የማማውን መልእክት ያዳምጥ። በዚያ ሁኔታ ቃላቱ ተለይተው ካልተሰሙት ሄድሴቱን ለባለቤቱ ይመልስ።