በኦንላይን ኑዛዜ ሲያዘጋጁ ፊርማው ላይ እንዳይሸወዱ

ኑዛዜ የሚያዘጋጁ ድረ ገጾች አሠራራቸው ቀላል ነው። ይጠይቃሉ፣ እርስዎ ይመልሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ሰነድ ይወጣል። ብዙ ሰው ሰነዱን አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያስቀምጥ ኑዛዜ ያለው ይመስለዋል። በአብዛኛው አገር ገና የለውም። በእጁ ያለው ረቂቅ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚኖሩበት አገር ሕግ ምን ዓይነት ኑዛዜ እንደሚቀበል ይዩ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ አሁንም የሚሠራበት እ.ኤ.አ. የ1837ቱ ሕግ ነው፤ ተናዛዡ የሚፈርመው ሁለት ምስክሮች አብረው ባሉበት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ያለ ምስክር ብቻዎን የሚያደርጉት ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በእጅ ጽሑፍዎ ተጽፎ፣ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል። በኮምፒውተር አስጽፈው ከታች ቢፈርሙበት አይጸናም። የአሜሪካዋ ኔቫዳ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2001 የኤሌክትሮኒክ ኑዛዜን ፈቅዳለች። አገልግሎቱ ሰነዱ ለየትኛው አገር ወይም ግዛት እንደተዘጋጀ በግልጽ ካልነገረዎት ይለፉት። ክፍያው አንዴ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚለውንም ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ።

ቀጥሎ ወረቀትና እስክሪፕቶ ይያዙ። ያለዎትን ንብረትና ያለብዎትን ዕዳ ይዘርዝሩ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ሁሉም ንብረት በኑዛዜ አይተላለፍም። ተጠቃሚው በስም የተጻፈበት የሕይወት መድን ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ለዚያ ሰው ነው የሚከፈለው። ኑዛዜው ላይ ሌላ ስም ቢጽፉም ላይለውጠው ይችላል። ከአሥር ዓመት በፊት የሞሉት ፎርም ላይ የማን ስም እንዳለ ያስታውሳሉ?

አሁን ድረ ገጹን ይክፈቱ። የወራሾችን ሙሉ ስም ይጻፉ፤ የቤት መጠሪያ አይበቃም። «ይህን ያህል ገንዘብ» ከማለት ይልቅ «ከዚህ ሲሶውን» ማለት ይሻላል፣ ምክንያቱም ሀብት ይጨምራል፣ ይቀንሳልም። ወራሹ ቀድሞ ቢሞት ማን ይተካዋል? ያልተጠቀሰው ንብረት ሁሉ ለማን ይሆናል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ኑዛዜ ቀዳዳ አለው። የኑዛዜ አስፈጻሚና ተተኪውን ይምረጡ፤ ፈቃደኛ መሆናቸውንም ቀድመው ይጠይቋቸው። አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉዎት አሳዳጊ ይሰይሙ። የይለፍ ቃል ግን በፍጹም አይጻፉ። በአንዳንድ አገሮች ኑዛዜ ከሞት በኋላ ማንም ሊያየው የሚችል ሰነድ ይሆናል።

ንብረትዎ በተለያዩ አገሮች ከሆነ፣ ከተለያየ ትዳር የተወለዱ ልጆች ካሉ፣ ወይም ልጅዎን ከውርስ ለመንቀል ካሰቡ፣ ኦንላይኑን ተውት፤ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። ፈረንሳይን በመሳሰሉ አገሮች ለልጆች የግድ የሚደርሳቸው ድርሻ አለ፤ ድረ ገጹ ያሉትን ሁሉ ስለጻፈልዎት ሕጉ ይቀበለዋል ማለት አይደለም።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። ሕግዎ የታተመና በምስክር የተፈረመ ኑዛዜ የሚፈልግ ከሆነ ሰነዱን ፕሪንት አድርገው በጥሞና ያንብቡት። ምስክሮቹን አንድ ክፍል ውስጥ ያሰባስቡ። እርስዎ እነሱ እያዩ ይፈርሙ፤ እነሱም እርስዎ እያዩ ይፈርሙ። አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ነገ የሚባል ነገር አይኑር። ምስክሮቹ ኑዛዜው ውስጥ ምንም የማይደርሳቸው ሰዎች ይሁኑ። በእንግሊዝ ሕግ ወራሽ ወይም የወራሽ የትዳር ጓደኛ በምስክርነት ቢፈርም ኑዛዜው ይጸናል፤ የተሰጠው ስጦታ ግን ይቀራል። ለእናቷ ውለታ ልትውል የፈረመች ልጅ በገዛ እጇ ድርሻዋን አጣች ማለት ነው። ቀኑንም አይርሱ። ከተፈረመ በኋላ በእስክሪፕቶ መሰረዝ፣ መደለዝ፣ ጠርዝ ላይ መጨመር የለም።

ኦሪጅናሉን እሳትና ውሃ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ፎቶ ኮፒው ብቻውን ጣጣ ያመጣል። የት እንዳለ ለአስፈጻሚው ይንገሩ። የባንክ ሳጥን ውስጥ ከቆለፉትና እርስዎ ብቻ መክፈት የሚችሉ ከሆነ ግን ደህና አድርገው ደበቁት እንጂ አላስቀመጡትም።

ሲያገቡ፣ ሲፋቱ፣ ልጅ ሲወልዱ ኑዛዜውን አውጥተው ይዩት። በእንግሊዝ ጋብቻ በመሠረቱ የቀድሞውን ኑዛዜ ይሽራል። ለውጥ ካለ አዲስ ያዘጋጁ፤ የድሮውን መሻርዎንም እዚያው ያስጽፉ። ከዚያ እንደገና ፕሪንት፣ እንደገና ምስክሮች፣ እንደገና ፊርማ።